ሦስቱ የመርሳ ምስክሮች

ባለፈው ጥቅምት ወደ ወልዲያ ስሄድ አውቶቡሱ መርሳ ላይ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በመስኮት ብርቱካን ገዛችና ልጣጩን በጥፍሯ መቅደድ ጀመረች። ሽታው ሲመጣ ወሬዬን አቋርጬ ዝም አልሁ፤ እኔ ዝም ስል ደግሞ የሚያውቁኝ ሰዎች ይደነግጣሉ። ብርቱካን የትም አገር ይሸታል፣ አውቃለሁ። የመርሳው ግን የመስኖ ጭቃ አብሮት ይሸታል፤ የማያምነኝ ካለ ወስጄ አስሸትተዋለሁ። በዚያ ሽታ መሀል ነው አሥር ዓመት የሞላኝ፣ አራተኛ ክፍል የገባሁት፣ በሕይወቴ ትልቁንም ውሸት የዋሸሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ለአባባ ማንበብ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ፊደሉን መለየት ትተዋል፤ እጃቸው ግን አልቦዘነም፣ ከደጃፉ ተቀምጠው የቃጫ ገመድ እየገመዱ ይሰሙኛል። በጃንሆይ ጊዜ በወረዳችን በሀብሩ ውስጥ ሰው ነገር ሲገጥመው የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ዳኛ አይደሉም፤ ዳኛው ግን ምስክር አላስተማመነው ሲል «እሳቸውን አምጧቸው» ይል ነበር አሉ። እኔ ይህን ስሰማ አባባ ሰው የሚገርፉ ይመስለኝ ነበር። ምስክርን በጥያቄ ብቻ ማጣራት እንደሚቻል ማን ነግሮኝ?

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ የትንሣኤውን ታሪክ አስጀመሩኝ። አራቱም ወንጌላውያን የጻፉትን በየተራ ነው ያነበብሁላቸው፤ አንዱን ስጨርስ ሌላውን። እኔ ደግሞ ቆጣሪ ልጅ ነበርሁና ቆጠርሁ። በአንዱ ወደ መቃብሩ የሄደችው አንዲት ሴት ናት፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው ሦስት። በአንዱ ገና ጨለማ ነው፣ በሌላው ፀሐይ ወጥታለች። አንዱ ጋ አንድ መልአክ፣ ሌላው ጋ ሁለት። ነገሩ ከነከነኝ፤ ለአባባ ግን አልተናገርሁም፤ መጽሐፉን እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ ፈራሁ።

ፍርሃቴን ያወጣልኝ መምህር ደሳለኝ ነው። ከወልዲያ የመጣ ቀጭን ሰው፣ ከካኪ ልብሱ ጋር የተወለደ የሚመስል። ሁሌም ካኪ ነው። እኛን ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። ጠዋት ጠዋት መፈክር ሲያስጮኸን አንድ ልጅ እንኳ ካዛነፈ ሁላችንም እንደ አዲስ እንጀምራለን፤ አርባ ልጅ በአንድ አፍ ሲወጣው ብቻ ፈገግ ይላል። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ተምሮ ነበርና መጽሐፉን ከብዙ ካህን ይልቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን በፖለቲካ ትምህርት ሰዓት እኔ የቆጠርሁትን ሁሉ አንድ በአንድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈውና ወደ እኛ ዞረ።

«አንድ ነገር አይተናል የሚሉ አራት ሰዎች አራት ዓይነት ወሬ ካወሩ፣ ስንቱ ውሸታም ነው?»

ዘሐራ እጇን አወጣች። የሸህ ሰይድ ልጅ፣ የልብ ጓደኛዬ። «ሦስቱ» አለች።

«ወይም አራቱም» አለ መምህሩ፤ ሰሌዳውንም አጠፋው።

ያን ቀን እየሮጥሁ ገባሁ። ለአባባ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሳቁ።

«መምህርሽ ጎበዝ ነው። ምስክር ጠይቆ ግን አያውቅም» አሉ። «ድሮ በሬ ሲሰረቅ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ አውጫጭ ይባላል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ምስክሮቹን አንድ በአንድ ነጥዬ እጠይቃለሁ። አንዴ አምስት ሰዎች መጡልኝ። አምስቱም ‹ጥቁር በሬ፣ ቀንደ ጎባጣ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ› አሉ። አምስቱም ‹ስታዘቀዝቅ›! አንዱ እንኳ ‹ወደ ማታ ላይ› አላለም። በሬውን የወሰዱት እነሱ ነበሩ።»

«እና የተለያየ ነገር ካሉ እውነት ነው?»

«አይደለም። ውሸታምም ይለያያል። ያየ ሰው ግን ከቆመበት ቦታ ነው የሚያየው፤ አንዱ ከዛፉ ሥር፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ። ደግሞ ልብ በይ፤ እኔ ያን ታሪክ ልፈጥር ብነሣ ሦስት ባላባት አቆም ነበር እንጂ ሴቶችን አስቀድሜ አልልክም። በዚያ ዘመን የሴት ቃል ማን ይቀበል ነበር?»

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ድሮ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሰዎች አጥንተው አንድ ላይ መናገር አይችሉም ነበር ብዬ አዘንሁላቸው። መምህር ደሳለኝ ቢያገኛቸው ኖሮ በሳምንት ያስተካክላቸው ነበር። የሴት ቃል የሚለው ግን ትንሽ አናደደኝ።

ከዚያ በሳምንቱ ነው እኛም ያየነው።

ከመርሳ ወንዝ በላይ ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሥር ጠበል አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠመቅበታል፣ ጠባቂው አባ ወልዴ ናቸው፤ ከሰውነታቸው የመስቀላቸው ክብደት የሚበልጥ አጭር ሽማግሌ። እትዬ ይታይሽ የምትባል ጎረቤታችን ከሦስት ዓመት በፊት ከበቅሎ ወድቃ ቀኝ ትከሻዋ ደርቆ ነበር። እጇ ከደረቷ በላይ አይወጣም። ፀጉሯን ሰው ነው የሚሠራላት፣ እንስራም ሰው ነው የሚያሸክማት። ለሁለት ሳምንት ጠበሉን ስትጠመቅ ሰንብታ ያን ቀን ጠዋት ወደ ወንዙ ወረደች። እኔ፣ ዘሐራና ስንዱ ውሃ ልንቀዳ ወርደን አንድ ትልቅ ድንጋይ አካባቢ ተበታትነን ነበርን። ስንዱ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከሦስታችን ወሬ ማሳመር የምትችለው እሷ ነበረች።

እትዬ ይታይሽ እንስራዋን ሞልታ የሚያሸክማት ሰው ትጠብቃለች። እግሯን ልትታጠብ አዲሱን የላስቲክ ጫማዋን ስታወልቅ ውሃው አንዱን ወሰደው። ሮጠች፣ አልደረሰችበትም። ያን ጊዜ የወረደው እርግማን! ጫማውን «ድራሽህ ይጥፋ» አለችው፣ የሠራውን ሰው፣ የሸጠላትን ነጋዴ፣ ወንዙን ሳይቀር። እየተራገመች ተመለሰች፣ የእንስራውን ሁለት ጆሮ በሁለት እጇ ያዘች፣ ብድግ አድርጋ ወደ ጀርባዋ ወረወረችው፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አሰረችና በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ባዶ ዳገቱን ወጣች። እኛ ሦስታችን ተያየን። እሷ ከዳገቱ ጫፍ ስትደርስ ቆመች። ቀኝ እጇ እንስራው አንገት ላይ ነበር። የማን እጅ እንደሆነ ግራ እንደገባት ሰው አየችው። ቀስ ብላ እንስራውን አወረደችና ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

ያየነው ይሄ ነው። አንድም ነገር አልጨመርሁም።

ያን ቀን ግን ጨመርሁ። ሰው ሲጠይቀን፣ ተአምር እየተራገመ ይመጣል ብሎ መናገር አፈርን። ጫማ ያለበት ተአምር ማን ያምናል? እኔ ብርሃን አመጣሁ፤ ከሰማይ እንደ ታጠበ ነጠላ የወረደ ብርሃን። ስንዱ እርግብ አመጣች፣ ድንጋዩ ላይ ያረፈች። ዘሐራ ምንም አላመጣችም፤ ሸፍጥ የማይሆንላት ልጅ ናት፣ ብቻ አልከለከለችንም። ከብርቱካኑ አትክልት አጥር ሥር ተቀምጠን አጠናነው። «በዚያች ሰዓት ሰማይ ተከፈተ፣ እንደ ነጠላ ያለ ብርሃን ወረደ፣ ነጭ እርግብ መጥታ በድንጋዩ ላይ ዐረፈች፣ እጇም ተነሣ።» አንዷ ካዛነፈች እንደገና። ሦስታችን በአንድ አፍ ሲወጣልን ደስ አለን። እውነት የሚባለው ይሄ ነው ብዬ አምኜ ነበር፣ በደንብ የተጠና።

ወሬው በሁለት ቀን ጎረቤት ከተሞቹ ውርጌሳና ግራና ደረሰ። በገበያ ቀን ከሐራ ሳይቀር በሽተኛ ተሸክመው መጡ። ሴቶች እኔን ሲያዩ ጉንጬን እየሳሙ «እስቲ ንገሪን የኔ እመቤት» ይሉኛል። ነገርኋቸው። ኧረ ስንት ጊዜ ነገርኋቸው! በቀበሌው ትእዛዝ ለእርከን ሥራ መውጣት የነበረበት ሕዝብ ግን ጠበሉ ዘንድ ዋለ፤ ተራራው ላይ አካፋ የያዘው ጥቂት ሰው ብቻ ሆነ።

መምህር ደሳለኝ ሞኝ አልነበረም። ሦስታችንን በተለያየ ቀን፣ በጨዋታ መልክ ጠየቀን። ሦስታችንም ያንኑ አንድ ቃል ሰጠነው፣ «ዐረፈች» እስከሚለው ድረስ። እንዲህ ያለ የመጽሐፍ አነጋገር የአሥር ዓመት ልጆች ከየት ያመጡታል? ቄስ ካላስጠናቸው በቀር። በማግሥቱ አባ ወልዴ ሕፃናትን ሐሰት በማስጠናትና ሰውን ከልማት በማስቀረት ተብለው ቀበሌ ገቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ወልዲያ ይላካሉ ተባለ። በዚያ ጊዜ ወልዲያ የተላከ ሰው ወሬው እንኳ ቶሎ አይመለስም ነበር፤ እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሽማግሌዎቹ ሄደው ለመኑ። «ከመላካቸው በፊት ልጆቹ እንደ አገሩ ወግ ይጠየቁ» አሉ። መምህሩም ተስማማ፤ ልጆቹ ቄሱ ላይ ይመሰክራሉ ብሎ ርግጠኛ ነበር። ጠያቂው ማን ይሁን ሲባል፣ ከአባባ ሌላ ወጉን የሚያውቅ በሀብሩ አልተገኘም። «የልጅዎን ልጅ እንዴት ይጠይቃሉ?» ሲሏቸው «እሷን መጨረሻ አድርጓት፤ ከሌሎቹ የምትሰማው እንዳይኖር ነጥላችሁ አስቀምጧት» አሉ።

እኔን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። የወፍጮው ድምፅ ምንም አላሰማኝም። ስጠራ የቀበሌው ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ አጥሩ ላይ የግራና ሰዎች ሳይቀሩ ተደርድረዋል። አባ ወልዴ ከአንድ ጥግ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ መስቀላቸው በእጃቸው የለም። መምህር ደሳለኝ ደብተሩን ዘርግቷል። አባባ ደግሞ እንደማያውቁኝ ሰው ነው ያዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያየሽውን ንገሪን።»

ነገርኋቸው። አንዲት ቃል አላዛነፍሁም።

«መልካም። አሁን ከእርግቧ ጀምሪና ወደ ኋላ ተመለሺ።»

አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። ከመጀመሪያው ካልጀመርሁ እርግቧ የለችም። «በዚያች ሰዓት ሰማይ ተከፈተ» ብዬ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ተዪው። እትዬ ይታይሽ ዳገቱን ስትወጣ እግሯ ላይ ምን ነበር?»

ምን ላድርግ፣ ሳቅ አመለጠኝ። «አንድ ጫማ» አልሁ። «ግራው ብቻ። ቀኙን ውሃ ወስዶታል።» ከዚያ አልቆመልኝም። እርግማኑን፣ እንስራውን፣ ገመዱን፣ ከዳገቱ ጫፍ እጇን እንዴት እንዳየችው፣ አንዱን ስጠየቅ አምስት እመልሳለሁ። ከየትም ጀምሪ ብባል እጀምር ነበር። አባባ ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ብርሃኑስ?»

በእግሬ ጣት አፈሩን ጫርሁ። መምህር ደሳለኝ ከወንበሩ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አትፍሪ» አለኝ፣ በእውነት በደግነት ነው ያለኝ። «ልጅ ነሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ብርሃኑን ያስጠናሽ ሰው አለ። አባ ወልዴ ናቸው?»

የማምለጫ በር ከፈተልኝ። «አዎ» ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር፣ ጉንጬን የሳሙኝ ሴቶች እንኳ ያዝኑልኝ ነበር። አባ ወልዴ ወደ መሬት ነው የሚያዩት። አባባን አየሁ፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም፣ የሚረዳኝ አንድ መስመር እንኳ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ብርሃኑን የጨመርሁት እኔ ነኝ። አባ አላወቁም። ጫማ ያለበት ተአምር ማንም አያምንም ብዬ ነው።»

ከአጥሩ ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። አንዲት ከግራና የመጣች ሴት «እኛ በሽተኛ ተሸክመን የመጣነው ለዚች ቅሌታም ወሬ ነው?» አለች። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። ያ ዕፍረት ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ሁለቱ ጓደኞቼ ምን እንዳሉ ኋላ ነው የሰማሁት። አባባ ዘሐራን በጫማው ላይ «ወላሂ ትያለሽ?» ሲሏት «ወላሂ» ብላለች፤ ብርሃኑ ላይ ሲደርሱ ግን ከንፈሯን ነክሳ አለቀሰች። ስንዱ እርግቧን እስከ መጨረሻው ልትለቅ አልፈለገችም፤ የእንስራውንና የጫማውን ነገር ግን ሳትጠየቅ አወራችው፣ የጠፋው የግራው ነው ብላ። ዘሐራ እትዬ ይታይሽ አልቅሳ ነው የተራገመችው አለች፣ እኔ ተራግማ ነው ያለቀሰችው አልሁ።

«ይለያያል» አለ መምህር ደሳለኝ የሦስታችንን ቃል የጻፈበትን ደብተር እያየ።

«ይለያያል» አሉ አባባ። «አንዷ ከድንጋዩ ላይ፣ አንዷ ከውሃው ዳር፣ አንዷ ከኋላ ሆና ነው ያየችው። አንድ የሆነው ያጠኑት ነው፣ እሱም የራሳቸው ሥራ ነው። ተአምር ነው፣ አይደለም የሚለውን እኔ አልፈርድም ልጄ። በሁለት እጇ መሸከሟን ግን ሦስት ሰው አይቷል፣ ያስጠናቸውም የለም። በድሮው ዳኛ ፊት ብሆን በዚህ አስፈርድ ነበር።»

መምህሩ እርሳሱን ደብተሩ ላይ መታ መታ አደረገና፣ ሕዝቡ ከነገ ጀምሮ ወደ እርከኑ ይውጣ፣ አባ ወልዴም ወደ ቤታቸው ይሂዱ አለ። እውነት ለመናገር ያን ቀን አከበርሁት፤ ሌላ ሰው ቢሆን የጻፈውን አይሰርዝም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ የአባባን በትር ጫፍ ይዤ እመራቸዋለሁ፣ እያለቀስሁ። «ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?» አልኋቸው።

«እኔ» አሉ። «ዛሬ ያልሽውን። ስምሽን የሚያበላሸውን አፍ አውጥተሽ ስትናገሪ ሰማሁሽ። እነዚያም ከጌታ ጋር የነበሩት ሰዎች የነገሩን እኮ እንደዚያው ነው። ጥለነው ሸሸን፣ በር ዘግተን ተቀመጥን፣ ሴቶቹ መጥተው ሲነግሩን ቀባጠራችሁ አልናቸው ነው ያሉት። ለስሙ የሚጨነቅ ሰው ይህን ይሰውረው ነበር። እኔ አርባ ዓመት ምስክር ስጠይቅ፣ ራሱን አሳፍሮ የሚናገር ሰው ሲገጥመኝ ጆሮዬን አቁሜ ነው የምሰማው።»

ከኋላችን የሚሮጥ እግር ሰማን። አባ ወልዴ ናቸው፤ መስቀላቸው ተመልሶላቸዋል። አባባን አመሰገኑ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ እኔን ወደ መንገዱ ዳር ሳብ አደረጉኝና ጎንበስ አሉ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ የከሱ መሰለኝ።

«ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ «አሁን ማንም የለም። ብርሃኑ ግን... ትንሽም አልነበረም?»

እስከዚያች ደቂቃ አልገባኝም ነበር። እኒህ ሽማግሌ ለዚያ ጠበል ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል፤ ወሬዬን ሲሰሙ ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸው እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ይለምነኛል። አንድ «ትንሽ ነበረች» ብል ምን ነበረበት? ደብተር የያዘ ሰው የለም፤ አባባም አይሰሙም።

«አልነበረም አባ» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። መስቀሉን ጣታቸው ላይ አዟዟሩት።

«እንስራውስ?»

«እንስራውን አይቻለሁ።»

«በሁለት እጇ?»

«በሁለት እጇ» አልኋቸው።